ባለቤት ያጣው የወለተ ማርያም ካሳ

ሣህሌ ሦስት የፊት ጥርሶቹን ያጣው አንድ ስም ጮክ ብሎ በመጥራቱ ነው። ከአሰላ ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በገንዘብ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። የሚጠብቀው ባለቤቱ ያልመጣለትን ገንዘብ ነው፤ ባዝኖ ተገኝቶ በጨረታ የተሸጠ በሬ ዋጋ፣ ሳይወሰድ የቀረ ደመወዝ፣ መንገድ ለወሰደው መሬት የተፈቀደ ካሳ። ስሞቹን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። በገበያ ቀን ደግሞ በርጩማ ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ፣ አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ ያነባቸዋል። ሦስት ዓመት የሞላው ገንዘብ ሰኔ ሠላሳ ላይ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ሰላማዊ ይመስላል። ነገር ግን ለአንድ በሬ ዋጋ ሁለት ሰዎች እሱ መስኮት ሥር በጩቤ ተወጋግተው አንደኛው ሆስፒታል ሳይደርስ ሞቷል። ደሙን ከግድግዳው ላይ ያጠበው ሣህሌ ነበር። በሌላ ዓመት ካሳው ያነሰበት ገበሬ በዚያው በርጩማ የሣህሌን ግንባር ፈንክቶታል። ጠባሳው ቆብ ሲያወልቅ ይታያል።

በዚያ ሰኔ ሦስት ዓመት ሊሞላው የቀረበ አንድ ስም ነበር፤ ወለተ ማርያም ወልደ ጊዮርጊስ። ለገብስ ማሳ የተፈቀደ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሺህ ብር።

ከሰሌዳው ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ፈይሩዛ አንድ ቀን ሳቀችበት።

«ጋሼ ሣህሌ፣ ያቺን ሴትዮ ዛሬም ሊጠሯት ነው? መደርደሪያዬ ላይ ያለው ሳሙና እንኳን ስሟን ሸምድዶታል።»

«ምን ላድርግ? አሉ የተባሉትን አሮጊቶች በሙሉ ጠየቅኩ።»

«ለምን አሮጊት?»

«እንዲህ ያለ ስም አሁን ማን ያወጣል?»

«ቄሶቻችሁ ናቸዋ! ጎረቤቴ ልጇን ክርስትና አስነስታ ስትመለስ ሕፃኗ ወለተ ማርያም ሆና መጣች። እኔ ሙስሊሟ አውቄ እርስዎ ሳያውቁ? ጉድ ነው!»

ሣህሌ የሚፈልገው የክርስትና ስም ሊሆን እንደሚችል ገባውና ወደ መዝገብ ቤት ሄደ። መሬቱ የተለካበትን ቀን ከቅጹ ላይ አየና በዚያ ቀን በማን ቤት የክርስትና ስም የሚያስጠራ ጸሎት እንደነበረ ቀበሌውን አጠያየቀ። አበባ የምትባል ሴት የባሏን ተዝካር ያወጣችበት ቀን ነበር። በዚያ ጠዋት ዲያቆኑ ለጸሎት የቤተሰቡን ስም እየጠየቀ ሲጽፍ ቆይቷል። ቀጥሎ መሬት ለኪው ወረቀት ይዞ ሲመጣና «ስምሽ? የአባትሽስ?» ሲላት፣ በለቅሶ የደከመችው አበባ ለዲያቆኑ የሰጠችውን መልስ ደገመችለት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በክርስትና ስሟ ከንስሐ አባቷ በቀር የሚጠራት ሰው የለም።

ይህን ቀድሞ ያወቀ አንድ ሰው ነበር፤ የባሏ ታላቅ ወንድም ደጉ። ካሳውን እኩል እንካፈል ብሏት እንቢ ብላዋለች። የክርስትና ስሟን ሰሌዳው ላይ ባየ ጊዜ፣ ማንበብ ለማትችለው አበባ «ስምሽ የለም፣ በልተውታል» አላት። ለጠጪ ጓደኞቹ ግን እውነቱን ነገራቸው፤ «እኔ ካልበላሁት መንግሥት ይብላው።»

ሣህሌ የሴትዮዋን ማንነት ባወቀ ማግሥት፣ ሰኔ ሃያ ስምንት፣ የበጀት ዓመቱ የመጨረሻ ገበያ ነበር። ሣህሌ በርጩማው ላይ ወጣ።

«መንገዱ የገብስ ማሳዋን የወሰደባት፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም፣ የቤት ስሟ አበባ…»

ደጉ ከእህል ተራው ዱላውን ይዞ መጣ።

«አንተ ሽማግሌ፣ አፍህን ዝጋ!»

«ሥራዬ ነው፣ ደጉ። ነገ ጽሕፈት ቤት መጥተህ…»

የመጀመሪያው ምት ድምፅ ማጉያውን ከአፉ ጋር አገናኘው። ሣህሌ ጭቃው ላይ ወደቀ፣ ጥርሶቹን ተፋ፣ ድምፅ ማጉያውን አነሳና ከመጀመሪያው ጀመረ። «ስሟ» የሚለው ቃል ፉጨት ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ምት ትከሻውን አገኘው። ሦስተኛው ሳይደርስ ፈይሩዛ የወረወረችው ባለ ሁለት ኪሎ የሚዛን ብረት ደጉን ጆሮው ሥር መታው። ደጉ እየደማ ፈረሱ ላይ ዘለለና ሸሸ።

የሸሸው ግን ወደ አበባ ቤት ነበር። ወሬው ሳይደርሳት እሱ ደረሰ። በጸጉሯ ጎትቶ ከደጃፉ ድንጋይ ዘንድ አንበረከካት፣ የቀኝ እጇን አውራ ጣት ድንጋዩ ላይ አስደግፎ በመጥረቢያ ጀርባ ሁለት ጊዜ መታው። አበባ መጻፍ እንደማትችል፣ የምትፈርመው በጣቷ እንደሆነ ያውቃል።

«በይ አሁን ፈርሚ» አላት።

ጩኸቷን የሰሙ ጎረቤቶች ከፈረሱ ሳይደርስ ያዙት። ፖሊስ ሲረከበው ፊቱ አይለይም ነበር።

በማግሥቱ አበባን በጋሪ አመጧት። እጇ በነጠላዋ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ደርቆ ጠንክሯል። ሣህሌ ከንፈሩ ተሰፍቶ ወንበሩ ላይ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ የልኬት ቅጹን ገለጠ።

«አሻራው ከዚህኛው ጋር ካልተመሳከረ መክፈል አልችልም። ነገ ሠላሳ ነው፤ ገንዘቡ ገቢ ይሆናል።»

አበባ ጨርቁን ፈታች። ጥፍር የለም፤ የጣት መስመርም የለም። ኃላፊው ፊቱን አዞረ።

ሣህሌ ቅጹን ወስዶ መስኮቱ ብርሃን ላይ ያዘው። ከአሻራው ሥር መሬት ለኪው በእርሳስ፣ በደቃቃ ፊደል፣ አንድ ቃል ጽፎ ነበር፤ «ግራ»።

«ያን ቀን ቀኝ እጅሽ ምን ሆኖ ነበር?» አላት።

አበባ አሰበች። «ለተዝካሩ ሰው ወጥ እየጨለፍኩ ነበር። ወረቀቱን ይነካል ብሎ ሌላኛውን አምጪ አለኝ።»

ሣህሌ ግራ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረው። ጣቷ ተንሸራቶ የመጀመሪያው አሻራ ተበላሸ። አንጓዋን ይዞላት ሁለተኛውን አሳረፉ። ኃላፊው በማጉያ መነጽር ሁለቱን አስተያየና «አንድ ነው» አለ።

አሁን የቀረው የክፍያ ቅጹ ነው። ሣህሌ ብዕሩን አነሳ።

«ስምሽ ማን ነው?» አለ በፉጨት፤ ቅጹ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ስለሆነ።

አበባ ቀና ብላ አየችው።

«ለጸሎት ነው ለገንዘብ?»

ሣህሌ ሁለቱንም ጻፈ።