ለቅሷቸውን የተቀሙት እናት

ያኔ አብነት አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የሥነ ልቦና አማካሪ ነበርኩ። ምን አለሽ ተራ ገበያ ምድጃ የሚሸጡ አንዲት እናት ከሐኪም ተልከው መጡ። ምግብ አልወርድ ብሏቸዋል፤ ጉሮሯቸው ግን ሲመረመር ምንም አልተገኘበትም። ዐረብ አገር ትሠራ የነበረች ልጃቸው ሞታ፣ ቤተሰቡ፣ እህታቸውም ጭምር፣ ሞቷን ሰባት ወር ደብቋቸው ኖሮ የተረዱት በቅርቡ ነው።

እኛ ጋ የሚፈቀደው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ሐሳብን መዝግቦ፣ መርምሮ ማስተካከል። እኔም ቅጼን ይዤ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀጠሮ፣ "'እህቴ ዋሸችኝ' የሚለውን ሐሳብ እስቲ በሌላ በኩል እንየው፤ አዝናልዎት ቢሆንስ?" አልኳቸው።

ወረቀቱን ከእጄ መንጭቀው ወረወሩት።

"ሐሳብ ነው የምትዪው? ለልጄ ሽሮ አስፈጭቼ 'ሰው ሲሄድ ላኪልኝ' ብዬ ለእህቴ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ! ልጄ አፈር ገብታ፣ እሷ 'ሰላም ብላሻለች' አለችኝ! አሁን ደግሞ አንቺ ዝም ልታሰኚኝ ነው?"

ፊቴ ጋለ። እውነታቸውን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ንዴታቸውን እንደ በሽታ ቆጥሬ ላጠፋው ስታገል ነበር።

እህትየዋን ልጠራት ነው ብዬ ለኃላፊዬ ነገርኩት።

"ይሄማ የቤተሰብ ምክር ነው። ቅጹ ላይ የት ልታስገቢው ነው?" አለኝ።

"አይግባ! ሴትዮዋ እህል መዋጥ አቅቷቸዋል እኮ!" ብዬ ጮህኩበት። አለቃዬ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። አልቆጨኝም።

እህትየዋ መጣች። እናትየዋን "ንዴቱ የት ጋ ይሰማዎታል?" አልኳቸው። ጉሮሯቸውን ያዙ። "እንግዲያው ለእሷው ይንገሯት።"

"የሞተችበትን ቀን ንገሪኝ" አሏት።

ነገረቻቸው። ቀኑን በጣታቸው ቆጠሩና ድንገት ብድግ አሉ።

"በዚያ ሳምንት የጎረቤት ሰርግ ነበር! እስክስታ ስወርድ እያጨበጨብሽልኝ ነበር! ለቅሶዬን ቀማሽኝ!"

"ፈርቼ ነው" አለች እህትየዋ እያለቀሰች። "አንቺንም የማጣሽ መስሎኝ። ሽሮውን እያየሁ ብቻዬን ሳለቅስ ነው የከረምኩት።"

ይቅር አላሏትም። እኔም ይቅር ይበሏት አላልኩም። የዚያን ቀን ግን ሁለቱም እስኪደክማቸው አለቀሱ። በሌላ ቀን ራጉኤል የሚያገለግሉትን የነፍስ አባታቸውን ጋበዝኩ፤ ሙት ዓመቱ ከእውነተኛው ቀን እንዲቆጠር ከእሳቸው ጋር ተነጋገሩ። ሐሳብ መመርመሩንም አልተውነውም፤ "ስጨፍር ልጄን ከዳኋት" የሚለው እንቅልፍ ነስቷቸው ስለነበር፣ እሱን እሳቸው ራሳቸው አንስተው አብረን አየነው።

ከወር በኋላ ቁርስ በልተው መጡ።

ኃላፊዬ "ለመሆኑ የትኛውን ዘዴ ነው የተከተልሽው?" አለኝ። "ያስፈለጋቸውን ሁሉ" አልኩት። "ከአሠራር ውጭ" የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ሴትዮዋ ይብሉ አይብሉ ግን አንዴም አልጠየቀኝም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

እናትየዋ እህታቸው ቤት ድርሽ አላሉም። የሙት ዓመቱን ድግስ ግን ሁለቱም በእናትየዋ ቤት አብረው አዘጋጁ፤ እኔንም ጠሩኝ፣ ሄድኩ።