ኦምዱርማን፦ ከብርማው ጉልላት እስከ ጨርቅ ነጋዴዎች ጣሪያ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12፡00 ሰዓት፣ አል-ሳሃፋ

የሱብሒ ሶላት እንዳበቃ ወጣን። ኻርቱም ውስጥ አየሩ ቀዝቀዝ የሚለው በዚህ ሰዓት ብቻ ነው ስለተባልኩ ደብተሬን፣ ሁለት እስክሪብቶና አንድ ጠርሙስ ውሃ ከማታው አዘጋጅቼ ነበር። የታሪክ ትምህርት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሴሚስተሩ ዕረፍት ከወሎ ተነሥቼ በመተማ በኩል እዚህ ከገባሁ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። አስጎብኚዬ እትዬ ዘምዘም የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ስምንት ዓመት ሙሉ በዚሁ ሰፈር በአንድ ሱዳናዊ ቤተሰብ ቤት ስትሠራ ኖራለች፤ የምታድረውም እዚያው ነው። ዓርብ ዓርብ የቤቱ ዘመድ ስለሚሰበሰብ ዕረፍቷ ቅዳሜ ነው።

እኔ የምሄደው የድሮ ሕንፃና ገበያ ለማየት ነው። እሷ ግን ሌላ ጉዳይ አላት። በኦምዱርማን ገበያ፣ ጣሪያ ባለው የጨርቅ ነጋዴዎች መተላለፊያ ውስጥ ሻይ ትሸጥ የነበረች ሴት ወደ አገሯ ተመልሳ ጥጓ ባዶ ቀርቷል። እትዬ ዘምዘም ያን ጥግ ትፈልገዋለች። የከተማውን ፈቃድ አውጥታለች፣ ብርጭቆም ገዝታለች። ነገር ግን በገበያው ልማድ ሻይ ሻጭ የምትቀመጠው በግራም በቀኝም ያሉት ባለሱቆች በሙሉ ሲስማሙ ብቻ ነው። ሁሉም ተስማምተዋል፤ የቀረው አንድ ሰው ነው። "ቅዳሜ ነይ፣ ቁርጡን እነግርሻለሁ" ብሏታል።

"እሺ ካለሽ?" አልኳት ወደ አስፋልቱ ስንወጣ።

"እሺ ካለኝ የራሴ ሰው ሆንኩ ማለት ነዋ!"

"እምቢ ካለሽስ?"

"ያላ፣ ተራመድ! በጠዋቱ አፍህን በኸይር ክፈት።"

ጠዋት 1፡15፣ አውቶቡስ ውስጥ

አውቶቡሱን እዚህ "ሃፍላ" ይሉታል። ወንበሩ ሲሞላ መተላለፊያው ላይ ታጣፊ መቀመጫ ይዘረጋና መተላለፊያውም ይሞላል። ረዳቱ አይጮኽም፤ በጥርሱ መካከል "ትስስስ" ሲል መኪናው ይቆማል፣ ደግሞ ሲል ይሄዳል። ወራጅ የሚለውም የለም። መውረድ የፈለገ ሰው ጣቱን ያንቋቋል፣ ሾፌሩም በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ይሰማዋል። እኔም ሞከርኩት፤ ጣቴ ድምፅ አላወጣም።

የሁለታችንን ሒሳብ ልከፍል ስል ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ ቀድሞ ከፍሎልናል። እትዬ ዘምዘም ከእሱ ዳቦ ትገዛለች፤ ከዚያ ያለፈ ዝምድና የላቸውም። "ሹክረን" ስለው አልዞረም፣ እጁን ብቻ ወደ ላይ አነሣ። በዚህ ከተማ ደግ ነገር የሚደረገው እንዲህ በጀርባ ነው።

ድልድዩ ላይ ስንወጣ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና "ሐበሺ?" አለ። አዎ አልኩት። በስተቀኝ በኩል አመለከተኝ። ከጣና የመጣው ጥቁር ዓባይ ቡናማ ሆኖ፣ ነጭ ዓባይ ደግሞ ፈዘዝ ብሎ፣ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ተገናኝተውም ቶሎ አይቀላቀሉም፤ ገና እንደተዋወቁ እንግዶች ትንሽ ተራርቀው ይጓዛሉ። በትምህርት ቤት ካርታ ላይ ያየሁት ቀጭን ሰማያዊ መስመር ይህን ያህል ይሰፋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

"ውሃው ከናንተ ነው፣ ዓሣው ግን የኛ ነው!" አለ ሾፌሩ። አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ።

ጠዋት 2፡30፣ የመሐዲው መቃብርና የኸሊፋው ቤት

ቁርጡን የሚነግራት የጨርቅ ነጋዴ ሱቁን የሚከፍተው አርፍዶ ስለሆነ ጊዜ አለን። ከሩቅ የታየን ብርማው ጉልላት ነው። አናቱ ሾል ብሎ፣ የጠዋቷን ፀሐይ እየመለሰ፣ ከዝቅተኞቹ የጭቃና የጡብ ቤቶች በላይ ብቻውን ቆሟል። የመጀመሪያው ሕንፃ እንግሊዞች ከተማዋን ሲይዙ በመድፍ ፈርሶ ኋላ እንደገና የተሠራ መሆኑን አንብቤ ነበር። ሆኖም ከሥሩ ቆሜ ቀና ስል ያነበብኩት ሁሉ ጠፋኝ፤ አንገቴን እስኪያመኝ ድረስ ብቻ አየሁ።

"ስምንት ዓመት በዚህ አልፌያለሁ" አለች እትዬ ዘምዘም። "ገብቼ ግን አላውቅም። ሁልጊዜ የሰው ዕቃ ይዤ ነው የማልፈው።"

ጫማችንን አውልቀን ገባን። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ሰዎች በመቃብሩ ዙሪያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሄዳሉ። እሷ ከሴቶቹ ጋር ጥግ ይዛ እጇን ከፍታ ረጅም ዱዓ አደረገች። ምን እንደለመነች አልጠየቅኳትም፤ አውቀዋለሁ።

ከፊት ለፊቱ ያለው የመሐዲው ተተኪ የኸሊፋው ቤት አሁን ሙዚየም ነው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ፣ ጠባብ ደረጃ፣ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው የሚያሾልክ ዝቅተኛ በር፤ አጎንብሰህ ካልሆነ አታልፍም። በመስታወት ውስጥ ጦር፣ ጋሻና ባንዲራ ተደርድሯል። እኔን ያቆመኝ ግን የተጣፈ የወታደር ቀሚስ ነው። ጥፎቹ እየተለካኩ በሥርዓት የተሰፉ ናቸው፤ ድህነትን እንደ ማዕረግ ይለብሱት ነበር ማለት ነው። ይህን ደብተሬ ላይ ስጽፍ ሽማግሌው ጠባቂ መጣ።

"ከየት ነህ?"

"ከሐበሻ። ከወሎ።"

"አሃ! አያቶቻችን መተማ ላይ ተፋጅተዋል" አለና ወደ እትዬ ዘምዘም ዞረ። "አሁን ደግሞ የልጅ ልጆቻችንን የምታሳድጉት እናንተ ናችሁ።"

"ዱላውን ትተን በጡጦ ያዝናችሁ!" አለችው። ሽማግሌው እየሳቀ ሌላ ክፍል ከፍቶ አሳየን። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን ሳይሆን የግቢውን ጥላ ነበር የምታየው። "ኸላስ፣ ጥላው አጠረ፤ ሰውዬው ሱቁን ከፍቶ ይሆናል" አለችኝ።

ጠዋት 4፡15፣ የኦምዱርማን ገበያ

ገበያው አንድ ቦታ አይደለም፤ ሰፈር ነው። መጀመሪያ ቅመሙ ይመጣል፦ የደረቀ ከርከዴ በጆንያ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ኮረሪማ የመሰለ ነገር፣ የሰንደል እንጨት በሚዛን። ከዚያ ቆዳው፤ መርኩብ የሚሉት ሾል ያለ የወንዶች ጫማ በገመድ ተሰክቶ እንደ ቋንጣ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ወርቁ፤ እዚያ ሴቶች ይቀመጣሉ፣ ወንዶች ከኋላቸው ቆመው ያልባቸዋል።

ከወርቁ ቀጥሎ ሰማዩ ይጠፋል። የጨርቅ ነጋዴዎች መተላለፊያ በግራና በቀኝ አሮጌ የጡብ በረንዳ አለው፤ ከላይ ደግሞ ቆርቆሮ ከዳር እስከ ዳር ለብሷል። ቆርቆሮው የድሮ የሚስማር ቀዳዳ ሞልቶበታል፤ በየቀዳዳው የምትገባው ፀሐይ በተሰቀሉት ቶቦች ላይ ነጠብጣብ ሆና ታርፋለች። ቶብ ያገቡ ሴቶች መላ አካላቸውን የሚጠቀልሉበት ረጅም ስስ ጨርቅ ነው። ሎሚማ፣ የጎመን አበባ ቢጫ፣ የሌሊት ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ... የአንዱን ዋጋ ጠየቅኩ፤ የእትዬ ዘምዘም የአንድ ወር ደመወዝ ነው። ሰው የሚያልፈው ትከሻውን አጣቦ ነው፣ ግን ማንም ማንንም አይገፋም። ከዚህ የሚያምር ገበያ አላየሁም።

ባዶው ጥግ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ነው። ሁለት ዱካና አንድ ማንደጃ ብቻ ይይዛል። ከጎኑ የሐጅ ኢድሪስ ሱቅ አለ፤ እሺታው የቀረው ሰው እሱ ነው። ሐጅ ኢድሪስ ስድሳውን ያለፈ፣ ጥምጥሙ ትልቅ፣ መነጽሩ በክር ደረቱ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ነው። የሚናገረው በዐረብኛ ነው፤ እኔ የቁርኣን ቤት ዐረብኛ ብቻ ስላለኝ እንደ ሾፌሩና እንደ ጠባቂው ሁሉ የእሱንም ቃል የምጽፈው እትዬ ዘምዘም እንደተረጎመችልኝ ነው።

ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ጤና፣ ቤተሰብ፣ አገር፣ ዝናብ። መልሱ ግን አጭር ነው።

"አይሆንም እኅቴ። አንቺን አልጠላሁም፣ እሳቱን ነው።" ጎንበስ ብሎ ከባንኮው ሥር አንድ ቶብ አወጣና ዘረጋው። መሐሉ ላይ ጥፍር የምታህል ቡናማ ቀዳዳ አለች። "ከፊተኛዋ ሴት ማንደጃ አንዲት ፍንጣሪ በረረች። ይህ ሁሉ ጨርቅ፣ ይህ ሁሉ ጣሪያ... አስቢው እስቲ።"

እትዬ ዘምዘም ቀዳዳዋን በጣቷ ዳሰሰች።

ረፋድ 5፡00፣ ፈጡር

በዚህ ሰዓት መተላለፊያው ሥራ ያቆማል። ሱዳኖች ዋናውን ቁርስ የሚበሉት አሁን ነው። ከየሱቁ ትሪ ወጣ፤ በሰሊጥ ዘይት የራሰ ፉል፣ አይብ፣ የተጠበሰ የሽምብራ ኳስ፣ ሰላጣና ትኩስ ዳቦ። ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ከበው ተቀመጡ። ለእትዬ ዘምዘም በሱቁ ውስጥ ለብቻዋ ሳሕን ቀረበላት።

"ተፈደል!" አለኝ ሐጅ ኢድሪስ።

በእኛ ቤት ያደገ ልጅ በመጀመሪያው ግብዣ እጁን አይሰድም፤ "በሞቴ" እስኪባል ይጠብቃል። በዚያ ላይ፣ እውነቱን ልጻፍ፣ አክስቴን እምቢ ያለ ሰው ምግብ መንካት አልፈለግኩም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "ጠግቤያለሁ" አልኩ። ደገመልኝ። ደግሜ አመሰገንኩት። በዚህ ጊዜ ሐጅ ኢድሪስ ጣቱን አንሥቶ ጮክ ብሎ ማለ፤ ከተናገረው ውስጥ "ጠላቅ" የምትለዋን ቃል ለየኋት። ጠላቅ ፍች መሆኑን ከቁርኣን ቤት አውቃለሁ። ምስኪን፣ ሚስቱን ፈትቶ ኖሯል፣ ለዚህ ነው የከፋው ብዬ አዘንኩለት። ፊቴን አሳዝኜ፣ ማለት የሚገባኝ መስሎኝ፣ "ኢንሻአላህ ኸይር ነው" አልኩት።

ምንጣፉ ላይ ያለው ሁሉ ማላመጡን አቆመ። ጎረቤቱ ጫማ ሻጩ ዑስማን ዳቦውን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። እትዬ ዘምዘም ቶቧን እየሰበሰበች ከሱቁ ሮጣ ወጣች።

"አንተ ያሲን! ብላ! አሁኑኑ ብላ!"

"ምን አደረግኩ?"

"ካልበላህ ሚስቴ ትፈታ ብሎ ማለልህ እኮ! አንተ ደግሞ ኢንሻአላህ ትለዋለህ?"

ዑስማን ስልኩን ከኪሱ አውጥቷል። "ሐጅ፣ ለሐጃዋ ልደውልላት? ሻንጣዋን ታሰናዳ! ወንድሟንም መኪና ይዘህ ና ልበለው?"

እኛ "በሞቴ" ብለን ራሳችንን እንገድላለን፤ እነሱ ትዳራቸውን ያስይዛሉ። በምንጣፉ ጠርዝ ተንበርክኬ ገባሁበት። ፉሉን ሁለት እጥፍ ጎረስኩ፤ ሐጅ ኢድሪስ ግን ከፊቴ አይብ መግፋቱን አላቆመም።

"ብላ ልጄ፣ ብላ! የሠላሳ ዓመት ትዳር ነው እጅህ ላይ ያለው!"

ሳቁ ከበረንዳ ወደ በረንዳ ተላለፈ። እትዬ ዘምዘም አልተቀመጠችም። ሳቁ በረድ እንዳለ፣ ቆማ እንዳለች፣ ከሁሉም ፊት ተናገረች።

"ሐጅ፣ አንተ ለአንድ ጉርሻ እንዲህ ከማልክ እኔም መማል ነበረብኝ። ምን ላድርግ፣ የምፈታው ባል የለኝም፤ የነበረውም ቀድሞ ፈትቶኛል!"

ሐጅ ኢድሪስ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፣ መነጽሩን በጥምጥሙ ጫፍ ጠረገ። እሷ ግን አልሳቀችም።

"ከሰሉን ከጣሪያው ውጭ፣ መንገዱ አፍ ላይ አቀጣጥለዋለሁ። ጭሱና ፍንጣሪው ሳያልቅ አላስገባውም። ማንደጃውን አሸዋ በሞላው ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ ባልዲ ውሃም ከጎኔ አይጠፋም። ስምንት ዓመት የሰው ቤት ምድጃ ይዣለሁ፤ አንድ መጋረጃ አላቃጠልኩም። ከፈለግህ ማዳሜን ጠይቃት።"

"አሸዋ" አለ ሐጅ ኢድሪስ በዝግታ። ያቺን ቀዳዳ ያላትን ቶብ ዳግመኛ አያት። አጣጠፋትና ከባንኮው ሥር መለሳት።

"ፊተኛዋ አሸዋ አልነበራትም" አለ ዑስማን።

"ዝም በል አንተ! ስልክህን ኪስህ ክተት።" ከዚያ ወደ እትዬ ዘምዘም ዞረ። "ከወሩ መባቻ ጀምሪ። ሳጥኑን ግን መጀመሪያ እኔ አየዋለሁ።"

እትዬ ዘምዘም "አልሐምዱሊላህ" ብላ ሄዳ ጥጉ ላይ ተቀመጠች። ዱካ የለም፣ ማንደጃም የለም፤ መሬቱ ላይ፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል፣ ቶቧን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ። በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ትከሻዋ ላይ አረፈ። አንድ መንገደኛ አይቷት ቆመና "አንድ ሻይ በናና" አለ። መንገደኛውን ወሩ ሲገባ እንዲመለስ አዘዘችው።

ከሰዓት 10፡00፣ ወደ አል-ሳሃፋ

አውቶቡሱ ይሞቃል። ድልድዩ ላይ መኪናዎች ተያይዘው ቆመዋል፤ ውሃው ከሥራችን ነሐስ መስሏል። እትዬ ዘምዘም ማታ ለማዳሟ እንዴት እንደምትነግራት ቃላት ትመርጣለች። እኔም ሆዴ ተወጥሮ መጻፍ አቅቶኛል።

ከአጠገቧ የተቀመጠች ሱዳናዊት እናት ዘንቢሏን እግሯ ሥር አስተካክላ ወሬ ጀመረች። ከየት ነሽ፣ ስንት ዓመትሽ ነው፣ ይህ ልጅሽ ነው? ቀጥላ እዚህ ለሐበሻ ሴት ሁሉ የሚቀርበውን ጥያቄ ጠየቀቻት።

"የማን ቤት ነው የምትሠሪው?"

እትዬ ዘምዘም ቶቧን አስተካከለች።

"ቤት አይደለም። ኦምዱርማን ገበያ ነኝ፣ ጨርቅ ተራ፣ ከጣሪያው ሥር። ሻይ አለኝ።"

"ከሐጅ ኢድሪስ አጠገብ? ቶብ የምገዛው ከሱ ነው! ታዲያ መቼ ልምጣ?"

ቀኑን ነገረቻት። ሴትዮዋ ጣቷን አንቋቅታ ወረደች። እትዬ ዘምዘም በመስኮቱ እያየች፣ ዘንቢሏ ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ሸኘቻት። ከዚያ ደብተሬን በክርኗ ነካችው።

"ጻፍ እንጂ! አንድ ደንበኛ።"