ልጄን ለእንግዳ ያማሁበት እሑድ

ልጄ በአሥራ ሰባት ዓመቱ በር ላይ ሲቆም ከኋላው ያለው ኮሪደር አይታይም ነበር። እኔ ግን እግሬ ፔዳሉ ላይ እንዲደርስልኝ በሥራ ቦታ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍቱን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደፊት የምስብ ሰው ነኝ፤ እናቱም ከእኔ አትረዝምም። ይሄ ግዝፈት ከየት መጣ ሲባል እሷ ወሎ ያሉ ወንድሞቿን ትጠራለች፣ እኔ የሚኒሶታን ወተት እከሳለሁ። ከየትም ይምጣ፣ ኒው ሆፕ ከሚገኘው አፓርታማችን አጠገብ ያለው ሃይ ስኩል ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ አይቶት ወዲያው ሄልሜት አጠለቀለት።

በአሜሪካ ኳስ የእሱ ሥራ ከፊቱ የቆመውን ሰው መግፋት ነው። ኳስ አይነካም። በአራት ዓመት ውስጥ ኳስ እጁ ሲገባ ያየሁት አንዴ ነው፤ እሱንም ከመሬት አንስቶ ለዳኛው ሰጠው። ለጥቂት ሰከንድ ይጋፋሉ፣ ይወድቃሉ፣ ከዚያ ተነስተው ክብ ሠርተው ይሰበሰባሉ። የእኛ እድር እንኳ ይሄን ያህል ስብሰባ አያበዛም። እኔ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ የሌሎቹን ወላጆች ፊት እያየሁ ነበር የማጨበጭበው። አንድ ቀን ሳላውቅ ከተጋጣሚው ቡድን ወላጆች መሀል ተቀምጬ ሙሉውን ጨዋታ በገዛ ልጄ ሽንፈት ስደሰት ዋልኩ።

ከጨዋታው በላይ ያስገረመኝ ወላጆቹ ናቸው። አንዱ አባት ጠጋ ይለኝና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ልጄ ድንቅ ነው፣ መሪ ሆኖ ነው የተፈጠረ" ይለኛል። የራሱን ልጅ! እኔ በእሱ ፋንታ አፍሬ ወደ ሜዳው እዞራለሁ። በእኛ ቤት ልጅ እንዲህ አይሞገስም። ዓይን አለ፣ የልጁ ጭንቅላት መነፋት አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ነውር አለ። እንግዳ ቤት መጥቶ "ማሻአላህ፣ ጎበዝ ልጅ አላችሁ" ሲል አባት "ኧረ ተወኝ፣ ሰነፍ ነው" ይላል። እንግዳውም "ኧረ እንዲህ አትበል" ብሎ ይከራከራል። ልጁ ጥግ ሆኖ ይሰማል፣ ሁሉም ሰው ልጁ እንደተመሰገነ ይገባዋል። እኔም ያደግኩት እንዲሁ ነው። አባቴ በሕይወቱ አንድም ቀን ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔ ግን እንደሚኮራብኝ አልጠራጠርም ነበር። ልጄም እንደኔ የሚገባው ይመስለኝ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ከኮሌጆች ደብዳቤ መምጣት ጀመረ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ጠርታን አንድ ወረቀት አሳየችን። ለካ ኮሌጅ ገብቶ ለመጋፋት መጋፋት መቻል አይበቃም። ኮር ኮርስ የሚባሉ ትምህርቶች በዝርዝር ተጽፈዋል፤ እንግሊዝኛ ይሄን ያህል ዓመት፣ ሒሳብ ይሄን ያህል ዓመት። ሁሉም ቦታ ምልክት አለ፣ አንዱ ቦታ ብቻ ባዶ ነው። የአሥረኛ ክፍል ሁለተኛ ሴሚስተር አልጀብራ፤ ኤፍ። ልጁ ትምህርቱን እንደገና እየወሰደው ነው፣ ውጤቱ በጃንዋሪ መጨረሻ ይታወቃል፣ ካለፈ ስኮላርሺፕ አግኝቶ መጫወት ይችላል አለች። ከዚያ ያንን ኤፍ ባመጣበት ሴሚስተር የቀረባቸውን ቀናት ከኮምፒውተሯ ላይ አወጣችልኝ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። እስከ ታች ድረስ።

ቀኖቹን አውቃቸዋለሁ። ያን ጊዜ ፕሊማውዝ ያለው የምሠራበት የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ወገቤን ተጎድቼ መኪና መንዳት አልችልም ነበር። እናቱ ሜፕልዉድ ያለ የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም ስለምትሠራ ሳይነጋ ነው የምትወጣው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ለወገቤ ቴራፒ የሚያደርሰኝ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ወር ያልሞላው ልጄ ነበር። "ክላስ አይቀርብህም?" ስለው "ኢትስ ፋይን" ይላል። እኔም ፋይን ነው ብዬ ተቀበልኩ፣ ምክንያቱም ፋይን እንዲሆን ፈልጌ ነበር። አልጀብራ የመጀመሪያው ክላስ መሆኑን ማን ነገረኝ። ሪፖርት ካርዱ ሲመጣ ደግሞ ተደግፌ ቆሜ፣ እሱ ያደረሰኝ ቴራፒ በመለሰልኝ ጉልበት፣ ጮህኩበት። አንድም ቃል አልመለሰልኝም። ከአማካሪዋ ቢሮ ስንወጣም አላነሳሁትም፤ ምን ብዬ ላንሳው።

በዲሴምበር አንድ እሑድ ከሰዓት ከዳኮታ የመጣ የኮሌጅ አሠልጣኝ ቤታችን ገባ። ሊመለምለው ያሰበውን ልጅ ቤተሰብ ማየት የሥራው ደንብ ነው አሉ። ባለቤቴ ከቅዳሜ ጀምራ ነበር የምታበስለው። ሰውዬው ልጄን የሚያህል ነው፤ ሁለቱ አንድ ሶፋ ላይ ሲቀመጡ ለሶፋው አዘንኩ። አምስት ሳምቡሳ በላ። ባለቤቴ በዚያው ወደደችው፣ እኔም ሰው ነው አልኩ።

ከዚያ እጁን ጠራርጎ ወደ ቁምነገሩ ገባ። "አንድ ቦታ ቀርቶኛል፣ ሁለት ልጆች አሉኝ" አለ። "ሁለቱም አንድ አንድ ኮርስ ይጎድላቸዋል። የልጃችሁን ጉልበት በቪዲዮ አይቻለሁ። እዚህ የመጣሁት አንድ ነገር ለማወቅ ነው፣ ይሄ ኤፍ ከምን መጣ?"

ልጄ አየኝ። አሁን ሳስበው እኔ እንድናገር ነበር የጠበቀው።

እንግዲህ ምን ልበል? ወገቤ ተሰብሮ ልጄ እንደ ዕቃ ሲያመላልሰኝ ነበር ልበለው? በአምስት ሳምቡሳ ለተዋወቅኩት ሰው ገመናዬን ላውጣ? ልጁስ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ለእኔ ሲል ነው የወደቀው ብዬ ፊት ለፊት ላሞግሰው? አፌ የለመደውን አወጣ።

"ስንፍና ነው" አልኩት።

ከዚያ "ኧረ እንዲህ አትበል" የሚለውን ጠበቅኩ። ሰውዬው ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ። አልሰማኝ ይሆናል ብዬ ጨመርኩለት፦ ካልጮህንበት ከአልጋ አይነሳም፣ መጽሐፍ የሚገልጠው እኛ ስንቆጣ ነው። ባለቤቴም ብቻዬን እንዳትተወኝ ብላ ስለ ክፍሉ መዝረክረክ አወራች። ሰውዬው ይጽፋል። ልጄ "ዳድ፣ ስቶፕ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ እኔ ትሕትና መሰለኝ። አሠልጣኙ ሲነሳ እጄን ጨብጦ ስለ ሐቀኝነታችን አመሰገነን። ባለቤቴ የተረፈውን ሳምቡሳ በፎይል ጠቅልላ ሰጠችው።

በሩ ሲዘጋ "ደህና ሄደ አይደል?" አልኩ።

ልጄ በእንግሊዝኛ መለሰልኝ። "ሰነፍ ነው አልከው፣ ዳድ። አመነህ።"

"ማን እንዲህ ያለውን ያምናል?"

"ፈረንጅ ያምናላ" አለች ባለቤቴ ሳህን እየሰበሰበች። "ፈረንጅ የነገርከውን ነው የሚያምን።" ይህን ሰውዬው ከመሄዱ በፊት ብታስታውሰኝ ምን ነበረበት።

ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ልጄም ዝም አለ። የእሱ ዝምታ ቤት ይሞላል፤ ከእሱ ጋር አንድ ኩሽና ውስጥ ዝም መባባል ቀላል አይደለም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አልቻልኩም፣ ፕሊማውዝ በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ለአሠልጣኙ ልደውል ቆረጥኩ። መጀመሪያ ተለማመድኩ። "ልጄ ጎበዝ ነው" አልኩ ለመኪናው መሪ። ምላሴ ላይ የሰው ቃል ሆነብኝ። በእንግሊዝኛ ሞከርኩት፣ ያገለገለ ጎማ የምሸጥ መሰልኩ። በመጨረሻ ሳልለማመድ ደወልኩ።

ሁሉንም ነገርኩት። ወገቤን፣ ሰኞ ረቡዕ ዓርብን፣ የጮህኩበትን። ኤፏ የልጄ አይደለችም፣ የእኔ ናት አልኩት። ሰውዬው "ይሄን ለምን ያን ቀን አልነገርከኝም?" አለ።

"ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር" አልኩት።

አልገባውም። እንዲገባውም አልጠበቅኩ። ቦታውን ባለፈው ማክሰኞ ለሌላኛው ልጅ መስጠቱን፣ በጣም ማዘኑን ነገረኝ። ስልኩን ዘጋሁና አለቀስኩ። የምሳ ሰዓቴ እስኪያልቅ ድረስ፣ በደንብ፣ በሁለት እጄ ፊቴን ይዤ አለቀስኩ። ልጄ የገፋውን ሁሉ ገፍቶ በሩ ድረስ መጥቶ ነበር፤ በሩን የዘጋሁበት እኔ ነኝ።

ማታ ለአሠልጣኙ ደውዬ እንደነበርና ቦታው እንደሄደ ለልጄ ነገርኩት። ምን ብዬ እንደደወልኩ አልነገርኩትም። "ኦኬ" ብሎ ወደ አልጀብራው ተመለሰ። በጃንዋሪ መጨረሻ ቢ ፕላስ አመጣ። "ኤ ለምን አልሆነም?" ብዬ ገና ሳልጨርስ ባለቤቴ በዓይኗ ቆረጠችኝ።

ደብዳቤ ከላኩት ኮሌጆች የቀረው አንድ ነበር፤ ሴይንት ፖል ውስጥ ያለ ትንሽ ኮሌጅ። ለኳስ ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ተማሪ የሚቀበለው ሙሉ ማኅደሩን አይቶ፣ በትምህርቱ መዝኖ ነው፤ ልጄ የፈለገው ትምህርት አለው፣ መጋፋትም አለው። በማርች የዚህ ኮሌጅ አሠልጣኝ ሊያነጋግረን ቀጠረን። ፓርኪንግ እንደደረስን ልጄ መኪናውን አጠፋና ሳያየኝ ተናገረ።

"ዳድ፣ አንድ ነገር ከጠየቀህ እንግሊዝኛ አልችልም በለው።"

እሺ አልኩ። ይገባኛል።

አሠልጣኙ ቀጭን ሽማግሌ ነው፤ እሱ ራሱ ማንን ገፍቶ እንደሚያውቅ እንጃ። የልጄን ወረቀት ከፊቱ ዘርግቶ በጣቱ እየተከተለ ወረደ፣ ወረደና ቆመ። "አሥረኛ ክፍል ላይ ምን ሆነህ ነው?" አለው።

እኔ አፌን ዘግቼያለሁ። እንግሊዝኛ አልችልም። ልጄ ትከሻውን ነቀነቀና ወለሉን እያየ መለሰ።

"ሰንፌ ነው" አለ።

ሰውዬው እስክሪብቶውን አነሳ። ልጄ ያቺን ቃል ከእኔ ነው የወሰዳት። አባቱን ለሰው ላለማውጣት ራሱን ሰነፍ አለ፣ ልክ እኔ እንዳስተማርኩት፣ እንደ ጨዋ የወሎ ልጅ።

"ውሸቱን ነው" አልኩ በእንግሊዝኛ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ኤፏ የማን እንደሆነች ነገርኩት። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፣ ግን አንዴ ከተከፈተ አፌ አልዘጋ አለ። ያልተሞገሰ አሥራ ስምንት ዓመት ሲወጣ ቅደም ተከተል የለውም። በበረዶ ቀን ቀስ ብሎ እንደሚነዳ ነገርኩት፤ ወገቤን እንዳያመኝ ጉድጓድ ሲያይ ዞሮ ያልፍ ነበር። የእናቱን መኪና ሳትነሳ ወጥቶ በረዶውን እንደሚጠርግላት ነገርኩት። በአምስት ዓመቱ ሊፍት ውስጥ ለሰው ሁሉ በር ይይዝ እንደነበር ነገርኩት፣ ይሄ ኳስ ላይ ምን እንደሚጠቅም እኔም አላውቅም። ጎበዝ ነው አልኩ፣ ጎበዝ ነው፣ ካየኋቸው ልጆች ሁሉ ጎበዝ ነው፣ ዓይን ይግባው አይግባው አላህ ያውቃል። እንግሊዝኛው ሲያልቅብኝ በአማርኛ ቀጠልኩ።

ሽማግሌው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ያዳምጠኝ ነበር። አላቋረጠኝም። ልጄም በዚህ ጊዜ "ዳድ፣ ስቶፕ" አላለኝም።