የብርቄ ለቅሶ

ጭድ ተራ ጀርባ ጋሽ ሀብተ ወልድን የማያውቅ የለም፤ ቤታቸው ገብቶ የሚቀመጥ ግን የለም። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሰላምታቸው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። «ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?» ይባላሉ፣ «እግዜር ይመስገን» ይላሉ፣ አለቀ። አይ መርካቶ! ለመቀመጥ ማን ጊዜ አለው?

ሥራቸው ከከተማው ዳር ባለ አንድ ቤተ ሙከራ የጦጣ ጠባቂነት ነው። ተመራማሪዎቹ ጦጣዎቹን መድኃኒት ይወጋሉ፤ ሰንበት ሲል ሆዳቸው ውኃ ይቋጥራል፤ ያንን በመርፌ ይቀዱታል። በሽታን የሚዋጋ አንቲቦዲ የሞላበት ነውና ለምርምር ይፈለጋል። ጦጣ ግን መርፌ ስታይ ሰው ትቦጫጭራለች። ብርቄ የምትባለው ጦጣ ብቻ፣ ጋሽ ሀብተ ወልድ ካቀፏት ንቅንቅ አትልም። «አይዞሽ የኔ እናት፣ አሁን ያልቃል» ይሏታል፤ ደረታቸው ላይ ተለጥፋ ዝም። ቀኑን ሙሉ ወሬያቸውን የሚያወሩትም ለእሷ ነበር። ሌላ ሰሚ ቢያጡ ነዋ!

ባለፈው ሐሙስ ጥናቱ አለቀ ተባለ። ብርቄ በማደንዘዣ ተኝታ፣ ሆዷ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሁሉ ይቀዳል፣ ከዚያ በኋላ አትነቃም። «ይያዙልን» አሏቸው፤ ያዙላቸው። እንደ ልማዳቸው «አይዞሽ፣ አሁን ያልቃል» አሏት። አመነቻቸው።

ቤት ሲገቡ ሳያስቡት ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አሉ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳቱት። ሐዘንተኛ አይቶ የሚያልፍ ጎረቤት የት አለና! ሱቅ ተዘጋ፣ እሳቸውን ደግፈው ወደ ቤት አስገቧቸው፣ አግዳሚ ወንበር መጣ፣ ጎረቤታቸው እትዬ አስናቀች ንፍሮ ይዘው ደረሱ። ያቺ ጠባብ ቤት እንዲህ ለመጨረሻ ጊዜ ጢም ያለችው ሚስታቸው የሞተች ለት ነበር። ግራና ቀኛቸው ሰው ተቀምጦ ትከሻ ለትከሻ ሲነካኩ፣ ጋሽ ሀብተ ወልድ ደስ አላቸው፤ በደስታቸውም አፈሩ። እውነቱን ከተናገሩ ሁሉም ተነሥቶ ሊሄድ ነው።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ይድነቃቸው ጠጋ አሉ። «የተለየዎት ማን ነው? ለዕድርተኛው እንዳስነግር።»

«ብርቄ።»

«ነፍሷን ይማር። ምንዎ ነበረች?»

እህቴ ናት ቢሉ ማን ያውቅባቸው ነበር? ግን ብርቄን ሁለተኛ መካድ አቃታቸው።

«ጦጣ ናት። መሥሪያ ቤት የምጠብቃት።»

ከዚያ አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፣ አመለጠው።

«በለቅሶ ይቀለዳል እንዴ ሰውዬ? ሱቅ ዘግተን!» ብለው ጋሽ ይድነቃቸው ተቆጥተው ወጡ። ከደጅ አንድ ጎረምሳ «አማኑኤል ሆስፒታል እኮ ቅርብ ነው» ሲል ተሰማ። ሌላውም እየተነሣ ወጣ፤ እትዬ አስናቀች ብቻ ትንሽ ቆዩ።

«ሲወጓት ታለቅስ ነበር?»

«የለም። እኔን አምና ዝም ትል ነበር።»

እትዬ አስናቀች ተነሡ። «እንግዲህ… እግዜር ያጥናዎት» ብለው ንፍሯቸውን ከነድስቱ ይዘው ሄዱ። አግዳሚውም ተወሰደ።

የጋሽ ሀብተ ወልድ እንባ የመጣው ያን ጊዜ ነው። «ብርቄዬ! ብርቄዬ!» እያሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። የዚያ ግቢ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ ሁሉም ሰማ። ማንም አልመጣም።