ሣሩ ላይ የተሣሉት ሁለት ሰዎች

የልጅ ልጄ ከዩኒቨርሲቲው አንደኛ ወጥታ፣ ሜዳሊያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መካነ ሰላም የገባች ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ሊመርቃት መጣ። ምን ብሎ እንደሚመርቃት ግን ጨነቀው።

«ሐኪም ሆነች?» አለችኝ አንዷ።

«አይ።»

«መሐንዲስ?»

«ወደዚያው ነው።»

«ታዲያ ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ላንድስኬፕ ይሉታል። መሬት ታሳምራለች።»

«አላህ ያሳመረውን? ወይ ጉድ!»

የኔን ልብ የያዘው ግን ሌላ ነበር። ወግዲ የሚኖሩ ሁለት ታናናሽ ወንድሞች አሉኝ፣ ግቢያቸው ጎን ለጎን ነው። አባታችን ሲሞት በመካከላቸው አንዲት ቁራሽ ሣር ሳትከፈል ቀረች። በሬ ቢተኛባት ጅራቱ ከሌላው ግቢ ይገባል፣ ያን ታህላለች። በእሷ የተነሣ ሰላምታ ካቆሙ ዘመን አልፏል፤ ሽማግሌውም ሰልችቶ ተዋቸው። የኔ እግር ደግሞ አያርፍም፣ ከዘመድ ዘመድ ስዞር ነው የምኖረው። ወግዲ ስደርስ ታዲያ ከአንዱ ከበላሁ ሌላው ያኮርፈኛል። ሳልሞት ሁለቱን ባንድ ትሪ ማየት ነበር ምኞቴ። መሬት የተማረች ልጅ ከቤቴ ወጥታልኝ ደግሞ ማንን ልለምን?

በሚኒባስ ተንገጫግጨን፣ አቧራ ለብሰን ወግዲ ገባንና ከታናሹ ቤት አረፍን። ልጅቱ ሣሯን ለካች፣ ጎርፉ በየት እንደሚወርድ አየች፣ ሁለቱንም በየደጃቸው አናገረች። በማግስቱ ሥዕሉን ዘረጋች። ያምራል፣ አልዋሽም። ሁለት ወይራ፣ ከሥራቸው የድንጋይ መቀመጫ፤ አጥር የሚባል የለም። መቀመጫው ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ ለታላቁ ወሰደችለት።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አላት።

«ማንም አይደሉም አባባ። የቦታው ስፋት እንዲታይ ሰው እንሥላለን።»

«ማንም ያልሆነ ሰው ባባቴ ሣር ላይ ምን አስቀመጠው?»

ወደ ታናሹ ተመለሰች። እሱ ደግሞ አንዱን በጣቱ ነካና «ይሄ ጋቢ ለብሷል! ያንን ሰውዬ ነው የሣልሽው!» ብሎ ጮኸባት።

ሥዕሏን ጠቅልላ ከጎኔ ቁጭ አለች። «እንዲህ ያለውን ሥዬ ነው እኮ የሸለሙኝ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አይዞሽ። ሐኪም ብትሆኚም መድኃኒትሽን አይውጡልሽም ነበር» አልኳት።

ከዙህር ሶላት በኋላ ታላቁ እሷን ሊከስልኝ መጣ። ታናሹ ደጄን አትረግጥም ሊለው ወጣ። ጠብ ነው ብዬ ተከትዬ ብወጣ፣ ሁለቱም ሣሩ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ለመንገደኛ መቀመጫ!» ይላል ታላቁ፣ ጋቢውን ሰብስቦ።

«ያውም ድንጋይ!»

«ወይራውስ? ጥላው ለልጅ ልጆቻችን ሊደርስ?»

«ደፋር ናት።»

«የእትየ ዘር አይደለች!»

ሳቁ። ወላሂ፣ አብረው ሳቁ። ሲያዩኝ ታናሹ «እትየ፣ ይህችን ልጅ ከየት አመጡብን?» አለኝ፤ ታላቁም ራሱን ነቀነቀ።

ሳይነሡብኝ ብዬ ምሳውን እዚያው አቀረብኩ። ልጅቱን እያሙ ካንድ ትሪ በሉ፤ እኔም ከመሃላቸው ገብቼ በላሁ። እሷ በሩን ተደግፋ አንዴ እኛን፣ አንዴ ሥዕሏን ስታይ ቆየች።

«ምነው?» አልኳት።

«ትንሽ ወደ ግራ ነበር የሣልኳቸው» አለች።