ቀይ ካፖርት የለበሰው ከበሮ መቺ

ካምፓላ፣ ንቲንዳ ሰፈር ጥፍሬን ልቀባ ቁጭ ባልኩ ቁጥር፣ የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ፣ ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። አልዋሽሽም፣ ዛሬም ቅናቱ አልለቀቀኝም።

እዚያው ካምፓላ፣ ካንሳንጋ ሰፈር ነበር የምንኖረው፤ ኮሮና ሁሉን ነገር የዘጋበት ጊዜ። ትምህርት የለ፣ የአባቴ ሱቅ ዝግ፣ ቦዳ የሚባሉት የታክሲ ሞተሮች ጩኸት እንኳ ከመንገዱ ጠፍቶ ነበር። አባቴ ድሮ በሾፌርነት የሠራለት ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ሳጥን የብረት ወታደሮች ትቶለት ነበር፤ ጣት የሚያካክሉ፣ ረጅም ባርኔጣ የደፉ፣ የጥንት የአውሮፓ ጦርነት ዘማቾች። ቀለማቸው ረግፎ አልቋል። አባቴ ሥራ ሲፈታ የእናቴን የጥፍር ቀለም ሰብስቦ ያድሳቸው ጀመር።

እኔ ከሁሉም ከበሮ መቺውን ነበር የወደድኩት። ታዲያ አንድ ጠዋት፣ ከላይኛው ፎቅ ከእናቱ ጋር ብቻ የሚኖረው ኤርትራዊ ልጅ በራችን ላይ ቆሞ ሲያይ፣ አባቴ ጠርቶ ሳጥኑን ከፈተለት። "እንግዳ ይቅደም፤ ምረጥ!" አለው። ልጁ እጁን ሰደድ አድርጎ ከበሮ መቺዬን ብድግ! አፌን ስከፍት አባቴ፣ "አንቺ የቤት ልጅ አይደለሽ እንዴ?" ብሎ ዝም አሰኘኝ። የቤት ልጅ መሆን ምን ይረባል? ጉርሻው ለእንግዳ፣ ወንበሩ ለእንግዳ፣ ወታደሩም ለእንግዳ!

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እኛ ቤት ነው። አባቴን "አቦይ" ይለዋል፤ በእነሱ ቋንቋ "አባቴ" ማለት ነው። አንጀቴ እርር ይላል። "የማንን አባት ነው አቦይ የምትለው?" አልኩት አንዴ። ቀና ብሎም አላየኝ። የባሰው ደግሞ፣ ብሩሹ ሲስትበት አባቴ ከኋላው ጎንበስ ብሎ እጁን በእጁ ይዞ ቀዩን ካፖርት ያስቀባው ነበር። እኔም ሆን ብዬ ቀለሙን አዝረከረክኩ። "አንቺማ ትችያለሽ" አለኝና ወደ እሱ ዞረ።

ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን የእናትና ልጁ የካናዳ ጉዞ ተሳካ። መኪናው በር ላይ ቆሞ ሳለ ልጁ ከበሮ መቺውን መዳፌ ላይ አስቀመጠው። "ላንቺ ይሁን" አለኝ፤ "እኔ አቦይን ይዤ ብሄድ ነበር ደስ የሚለኝ።" ሆዴ ግን፣ እሰይ፣ ተገላገልኩ፣ አለ። አባቴ መኪናው ከታጠፈ በኋላም እጁን እንዳነሳ ቆሞ ቀረ። ልጁ አልፎ አልፎ ከካናዳ ይደውልለታል፤ ብሩሽ ሲያነሳ ግን ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ባለፈው እሁድ የከበሮ መቺው ካፖርት ተላልጦ አየሁና ቀይ ቀለም ገዝቼ አባቴ ፊት አስቀመጥኩ። ከታመመ ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል። "እስቲ ያዢልኝ" አለኝ። ከኋላው ጎንበስ ብዬ፣ እጁን በእጄ ይዤ፣ የካፖርቱን እጅጌ ቀባን። ስንት ዘመን የተመኘሁት ይህንኑ ነበር። ደስታዬን እያጣጣምኩ ሳለ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣

"ያ ልጄ ሰሞኑን አልደወለም?" አለኝ።