መርፌ የማይወደው እብጠት

ይህ የደረሰብኝ አምና ክረምቱ እንደወጣ ነው። የማልረሳው አባቴ ስለሞተብኝ ብቻ ሳይሆን፣ ከመሞቱ በፊት ስለ እኔ በተናገረው አንድ ውሸት ምክንያት ነው።

አባቴ ጭሮ ውስጥ በሹፌርነት የኖረ ሰው ነበር። የፊኛ ካንሰር ይዞት አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ድኗል ብለን ተቀምጠን ነበር። አንድ ቀን ሸሚዙን ስቀይርለት ከእምብርቱ በታች ጠጠር ጠጠር የሚሉ ቀያይ እብጠቶች አየሁ።

እኛ ሰፈር ቆዳ ላይ እብጠት ከወጣ መጀመሪያ የሚባለው «መርፌ እንዳይነካው፣ ይገድላል» ነው። መርፌ የሚወድ በሽታ የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ጎረቤቱ ሁሉ አልማዝ ባለጭራ ነው አለ። የአባቴ ጓደኛ ሐጂ፣ ሂርና ጫት የሚነግዱት፣ ከገለምሶ ቅባት አስመጡለት። እብጠቱ ግን እየበዛ ሄደ።

ሐኪሙ ናሙና እንውሰድ ሲል አባቴ እምቢ አለ።

«መሞቴ ካልቀረ በመርፌ አይሁን» አለኝ።

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ በመጨረሻ አስወሰድኩት።

ውጤቱ መጣ። የፊኛው ካንሰር ወደ ቆዳው ተሰራጭቷል። ሐኪሙ እንዲህ ያለው እምብዛም አያጋጥምም አለ። የካንሰሩ ሴሎች ዘረመል ላይ ለውጥ እንደተገኘም ነገረኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቅኩት።

«ለውጡ እዚያው ዕጢው ውስጥ የመጣ ነው፤ ለልጅ አይተላለፍም» አለኝ። ለዚያ ለውጥ የሚሆነው መድኃኒት ግን እዚህ አይገኝም።

እሺ ብዬ ወጣሁ። ሽንኩርት ገዝቼ በባጃጅ ቤቴ ገባሁ።

አባቴ ብዙም አልቆየም። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ «የጨረሰው መርፌው ነው» ሲባባሉ ሰማሁ።

«ለመሆኑ ማን ነው ያስወጋው?» አለች አንዷ።

የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ የተቀመጥኩ ይመስል አዳመጥኩ።

ሐጂ ከወንዶቹ መካከል ተነሡ።

«ወላሂ፣ ራሱ ነው የነገረኝ! ‹ልጄ ተው እያለችኝ መርፌውን የፈለግኩት እኔ ነኝ፣ ለሰው ንገርልኝ› ብሎኛል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አብሽሪ፣ ኢንታላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ» አሉኝ።

እኔ ተው ብዬው አላውቅም። በዚያ ሁሉ ሕመም መሀል አባቴ፣ ሰው ነገ ምን እንደሚለኝ አስቦልኝ ነበር።

ጎረቤቶቼ ዛሬም «አንቺማ ከልክለሽው ነበር» እያሉ ያጽናኑኛል። አዎ እላለሁ። እስካሁን እንባ አልመጣልኝም። አዎ ባልኩ ቁጥር ብቻ አባቴ ትዝ ብሎኝ ፊቴን አዞራለሁ።